ጠባብ ቧንቧ ወይስ የሚያድግ ግድግዳ? ስለ ሕፃናት የሳንባ ደም መልስ መጥበብ በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሊቃውንት ስለ አንድ ብርቅ ነገር ግን ብርቱ የሕፃናት ሕመም፥ ማለት ስለ ሳንባ ደም መልሶች መጥበብ፥ ባለፉት ሰባ ዓመታት ያህል የጻፉትን መርምሮ፥ የቱ ላይ እንደ ተሳካላቸው፥ የቱ ላይ ደግሞ መንገድ እንደ ሳቱ መመዘን ነው። ሂስ ማለት መንቀፍ ብቻ አይደለም፤ ፍሬውን ከገለባው መለየት ነው። ሐኪሞቹ በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ብዙ ደክመው ያገኙትን ዕውቀት እኛ ተማሪዎች በወንበር ላይ ተቀምጠን ስንመዝነው ትሕትና እንደሚገባን አንዘነጋም። ሆኖም የተጻፈውን ሁሉ እንደ ተጻፈ ተቀብሎ ለፈተና መሸምደድ ምርምር ሊባል አይችልም።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት አጫጭር ማሳሰቢያዎች አሉን። አንደኛ፥ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፥ ደምን ከልብ የሚያወጡትን የደም ሥሮች «ደም ቅዳ»፥ ወደ ልብ የሚመልሱትን ደግሞ «ደም መልስ» እንላቸዋለን።

ጤናማ ሰው ብዙውን ጊዜ አራት የሳንባ ደም መልሶች አሉት፤ ሁለቱ ከቀኝ ሳንባ፥ ሁለቱም ከግራ ሳንባ ይመጣሉ። ሥራቸው በሳንባ ውስጥ ኦክሲጅን ያገኘውን ደም ወደ ልብ ግራ የላይኛው ክፍል ማድረስ ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ቢጠብ ደሙ በሌሎቹ በኩል ስለሚሄድ ሕፃኑ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሦስቱ ወይም አራቱም ሲጠቡ ግን ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ በሳንባው ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ከደሙ የሚወጣው ውኃ ሳንባውን ያረጥበዋል፤ የሳንባ ደም ቅዳዎችም ይኮማተራሉ፤ በመጨረሻም ይህን ሁሉ ግፊት ለማሸነፍ የሚታገለው የልብ ቀኝ ክፍል ይደክማል። ከውጭ የሚታየው ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፥ ጡት ሲጠቡ መድከም፥ ክብደት አለመጨመር፥ የከንፈር መጥቆር፥ አልፎ አልፎም ደም መሳል ነው። እነዚህ ምልክቶች የብዙ ሌሎች ሕመሞችም ምልክቶች መሆናቸው የችግሩ መጀመሪያ ነው።

ወደዚህ ሕመም የሚያደርሱት መንገዶች ቢያንስ ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው መንገድ ደም መልሶቹ በትክክለኛው ቦታ ገብተው ሳለ ሕፃኑ ከልደቱ ወይም ከልደቱ ጥቂት ወራት በኋላ ይጠቡበታል። በሁለተኛው መንገድ አራቱም ደም መልሶች ከመጀመሪያው አቅጣጫቸውን ስተው፥ በግራው የልብ ክፍል ፋንታ ወደ ቀኙ ወይም ወደ ሌላ ትልቅ ደም መልስ ይገባሉ፤ ይህ በኦፕራሲዮን ከተስተካከለ በኋላ በአንዳንዶቹ ሕፃናት ላይ መጥበብ ይከተላል። በሦስተኛው መንገድ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ሳንባቸው የተጎዳ ሕፃናት፥ መጀመሪያ ሲመረመሩ ደኅና የነበሩት ደም መልሶቻቸው ከወራት በኋላ ጠበው ይገኛሉ። ይህን ሦስተኛውን መንገድ አንባቢ እንዲያስታውሰው አደራ እንላለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሂሱ እንግባ። በኛ አስተያየት የዚህ ሕመም የጥናት ታሪክ ዋና ጉድለት ከእጅ ጥበብ ማነስ የመጣ አይደለም፤ ሕመሙ ከታየበት ምስል የመጣ ነው። ሐኪሞቹ ሕመሙን እንደ ጠባብ ቧንቧ አዩት። ቧንቧ ከጠበበ ይሰፋል፤ መገናኛው ከተበላሸ ተቆርጦ እንደ ገና ይገጠማል። ይህ ምስል ለዓይን የተመቸ፥ ለእጅም ሥራ የሚሰጥ ስለ ሆነ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሕክምናውን መራው። ነገር ግን ደም መልስ ቧንቧ አይደለም። ግድግዳው ሕይወት ያለው ነው፤ ለግፊት፥ ለቁስልና ለመወጠር መልስ ይሰጣል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ማደግና መወፈር ነው። ቋንቋችን እንዲህ ያለውን ነገር «የደም ሥር» ብሎ መጥራቱ ምናልባት ከቧንቧው ምስል ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል፤ ሥር ያድጋልና።

በደኅና ቦታ የገቡ የሳንባ ደም መልሶች ከተፈጥሮ ሲጠቡ በግልጽ የተገለጸው በ1951 ነው። ጸሐፊው በአውስትራሊያ የሕፃናት ሕመም መርማሪ የነበረው ራልፍ ዳግላስ ራይ ነበር፤ ይህም ሰው ኋላ በ1963 በስሙ የተጠራውን ሌላ የአንጎልና የጉበት ሕመም በመግለጽ የታወቀው ነው። ራይ የጻፈው ደም መልሶቹ ከሳንባ ወጥተው ወደ ልብ እስኪገቡ ድረስ ባለው ጉዞአቸው ስለሚገኘው መጥበብ ነው። የሕመም መርማሪ የሚያየው በሞተ አካል ላይ የቆመውን መጨረሻ ነው፤ ሕመሙ እንዴት እንደ ተጓዘ አያሳየውም። በዚህ ራይን ልንወቅሰው አንችልም። የሚወቀሰው ከእርሱ በኋላ የመጣው፥ የቆመውን ሥዕል አይቶ ሕመሙ ራሱ የቆመ ነው ብሎ የገመተው አስተሳሰብ ነው።

ስለ ሁለተኛው መንገድ የተጻፈው ከዚህ ይረዝማል። አቅጣጫቸውን የሳቱት ደም መልሶች በ1798 በለንደን በጄምስ ዊልሰን ተገልጸው ነበር። ዳርሊንግና ጓደኞቹ በ1957 በአራት ክፍል መደቧቸው፤ ከልብ በላይ የሚገቡ፥ በልብ ውስጥ የሚገቡ፥ ከልብ በታች የሚገቡና የተደባለቁ በማለት። ይህ ምድብ እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራበት መልካም ምድብ ነው። ኦፕራሲዮን ካልተደረገላቸው ከእነዚህ ሕፃናት የሚበዙት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በ1950ዎቹ ዓመታት ልብን ከፍቶ መጠገን ሲቻል ደም መልሶቹን ወደ ትክክለኛው ቦታ መስፋት ተጀመረ፤ ብዙ ሕፃናትም ዳኑ። ድሉ ታላቅ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን የዳኑት ሕፃናት የተወሰኑት ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ገና እያለከለኩ ተመለሱ። የተሰፋው ቦታ ጠቦ ነበር።

ለዚህ የተሰጠው የመጀመሪያ ማብራሪያ «ጠባሳ ነው» የሚል ነበር፤ መርፌ የገባበት ሥጋ ይጠብሳል፥ ጠባሳም ይኮማተራል። ማብራሪያው እውነት አለው፤ የተሟላ ግን አይደለም። ጠባሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጥበቡ በስፌቱ መስመር ላይ በቆመ ነበር። ነገር ግን በብዙ ሕፃናት ላይ መጥበቡ ከስፌቱ አልፎ ወደ ሳንባው ውስጥ ሲገሠግሥ ታየ። በስፌት የመጣ ቁስል ብቻውን መርፌ ያልነካውን ቦታ እንዴት ሊያጠብ ይችላል? ይህ ጥያቄ ገና ከመጀመሪያው መጠየቅ ነበረበት።

በ1982 በአሜሪካ ድሪስኮልና ጓደኞቹ የጠበቡትን ደም መልሶች በፊኛ ለማስፋት ያደረጉትን ሙከራ ጻፉ። ፊኛው በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ሆኖ በደም ሥር በኩል እስከ ጠባቡ ቦታ ድረስ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ይነፋል። ጸሐፊዎቹ ሙከራው እንዳልተሳካ በጽሑፋቸው ርእስ ላይ ሳይቀር አስታወቁ። ይህን ጽሑፍ ከሁሉ አብልጠን እናመሰግነዋለን፤ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ያልተሳካን ነገር በርእስ ላይ የሚያውጅ ብርቅ ነውና። የሚያሳዝነው ከጽሑፉ የተወሰደው ትምህርት ነው። «ፊኛው አልሠራም፤ ስለዚህ ከፊኛ የበረታ መሣሪያ ያስፈልጋል» ተባለ እንጂ «ፊኛው ለምን አልሠራም?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ጎልቶ አልተሰማም። ቀጥሎ ስለት ያለው ፊኛ መጣ፤ ስቴንት የሚባለው የብረት መረብም መጣ። ስቴንት በስፋቱ ከ7 ሚሊሜትር ያላነሰ ሲሆን የተሻለ እንደሚቆይ ታይቷል፤ ነገር ግን በጥቂት ወራት ሕፃን ደም መልስ ውስጥ ይህን የሚያህል መረብ ማስገባት ብዙ ጊዜ አይቻልም። መረቡ በገባም ጊዜ በቀዳዳዎቹ በኩል ሥጋ እንደ ገና ያድግና ይዘጋዋል። የቧንቧ ሠራተኛ የገጠመው ብረት ከውስጥ ሥጋ ቢያበቅልበት ምን ይል ነበር?

በ1996 የፈረንሳዩ ላኩር ጋዬና ጓደኞቹ፥ በ1998 ደግሞ በካናዳ የቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች፥ ስፌት አልባ የሚባለውን ጥገና አወጡ። ሐሳቡ እጅግ ብልህ ነው። የጠበበው ደም መልስ ተሰንጥቆ ይከፈታል፤ የተቆረጠው ጠርዝ በመርፌ አይነካም። በእርሱ ፋንታ የልብን ሽፋን በዙሪያው ከልቡ የላይኛ ክፍል ጋር ይሰፉታል፤ ደሙም ከደም መልሱ ወጥቶ በሽፋኑ ከረጢት ውስጥ አልፎ ወደ ልብ ይፈስሳል። ይህ ዘዴ ጠባሳው እንዳይበረታ ስለሚያደርግ ከቀድሞው የተሻለ ውጤት አስገኘ፤ ኋላም መጥበቡን ከመነሻው ለመከላከል በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ላይ መሠራት ጀመረ። ሂሳችን በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ዘዴው ወደ ልብ መግቢያ ያለውን መጥበብ ይፈታል እንጂ በሳንባው ውስጥ የገባውን ሊደርስበት አይችልም። ሁለተኛ፥ አዲሱ ዘዴ በቀደሙት ዓመታት ከታከሙ ሕፃናት ጋር ሲነጻጸር፥ በመካከሉ የማደንዘዣው፥ የሕፃናት ጽኑ ሕክምናውና የምርመራው መሻሻል ሁሉ በአዲሱ ዘዴ ስም ይቈጠርለታል። እንዲህ ያለው ንጽጽር የሚጠቁም ነገር አለው፤ የሚያረጋግጠው ግን ጥቂት ነው።

ከተመለከትናቸው ጥናቶች ሁሉ ይልቅ ሚዛን የደፋልን በብሪታንያ፥ በአየርላንድና በስዊድን የተደረገው ቈጠራ ነው። አና ሲልና ጓደኞቿ አንድ ሆስፒታል መርጠው ውጤቱን በማሳመር ፋንታ በሦስቱ አገሮች የተገኙትን ሕፃናት ሁሉ ለመቍጠር ተነሡ። በ2009 ባወጡት ጽሑፍ በደኅና ቦታ የገቡ ደም መልሶች መጥበብ ከሁለት ዓመት በታች ካሉ 100,000 ሕፃናት መካከል በ1.7 ገደማ ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። ቀጥሎም ከ1998 እስከ 2004 በሕይወት የተወለዱ፥ ደም መልሶቻቸው ሙሉ በሙሉ አቅጣጫ የሳቱ 422 ሕፃናት አገኙ። ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው 406 ሕፃናት መካከል በ71ዱ ላይ፥ ማለት በመቶ 17.5 ላይ፥ የደም መልስ መዘጋት ተከተለ። መዘጋቱ ከደረሰባቸው ውስጥ እስከ ሦስት ዓመት በሕይወት የቆዩት በመቶ 59 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ይህ ቈጠራ ከቍጥሩ የሚበልጥ ነገር አስተማረን። ኦፕራሲዮን ሳይደረግ አስቀድሞ ደም መልሶቻቸው ቀጫጭን ወይም ጠባብ የነበሩት ሕፃናት ኋላ የመዘጋት ዕጣቸው የበዛ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የመርፌው ጥፋት አይደለም ማለት ነው። መርፌው ከመግባቱ በፊት በግድግዳው ውስጥ የተዘጋጀ ነገር ነበር። ቀደም ብለን አንባቢ እንዲያስታውሰው አደራ ያልነው ሦስተኛው መንገድም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ሕፃናት ደም መልሳቸውን የነካው መርፌም ሆነ ቢላዋ የለም፤ በመጀመሪያው ምርመራ ደኅና የነበረው ደም መልስ ግን ጠበበ። ቧንቧ ማንም ሳይነካው ከውስጥ አይወፍርም። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ጥያቄው ወደ ሥሩ መመለስ ነበረበት።

ወደ ሥሩ መመለስ የጀመሩት ከግድግዳው ላይ ቍራጭ ወስደው በማይክሮስኮፕ የመረመሩት ናቸው። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቦስተን የተደረጉት ምርመራዎች የደም መልሱን ውስጠኛ ገበር ያወፈሩት ማዮፋይብሮብላስት የሚባሉት ሕዋሳት እንደ ሆኑ አሳዩ። እነዚህ ሕዋሳት ቁስልን በመጠገን የታወቁ ናቸው፤ እንደ ጡንቻ ይኮማተራሉ፥ እንደ ጅማትም ያለ ነገር ይሠራሉ። በነዚህ ሕዋሳት ላይ «እደግ፥ ተባዛ» የሚለውን መልእክት የሚቀበሉ በሮች ተገኙ። በቶሮንቶ ደግሞ ካቶና ጓደኞቹ በ2014 ባወጡት ጥናት የአሳማ ግልገሎችን ደም መልስ በማሰሪያ አጠበቡ፤ የደም መልሱ ገበር ከማሰሪያው ወደ ሳንባው ባለው ወገን፥ ማሰሪያው ራሱ ባልነካው ቦታ ሁሉ ወፈረ። ሎሳርታን የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ለወሰዱት ግን ውፍረቱ ያነሰ ሆነ። በኛ ግምት ይህ ጥናት የቧንቧውን ምስል የሰበረ ነው። መጥበብ ራሱ መጥበብን ይወልዳል፤ ግፊቱና የደሙ አካሄድ መለወጥ ግድግዳውን ያሳድጋል፤ ያደገው ግድግዳ ደግሞ ግፊቱን ያብሳል። ዘግይቶ የመጣ ጥገና ለምን እንደሚከሽፍ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘንም። ቢሆንም የአሳማ ግልገል የሰው ልጅ አይደለም፤ በማሰሪያ የመጣ መጥበብም በተፈጥሮ ከመጣው ጋር አንድ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ሕመሙ የሚያድግ ነገር ከሆነ እድገትን የሚገታ መድኃኒት መሞከሩ ተገቢ ነው። በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል መጀመሪያ ቪንብላስቲንና ሜቶትሬክሴት የሚባሉ የነቀርሳ መድኃኒቶች ተሞከሩ፤ ጥቅማቸው ግን ውስን ነበር። ቀጥሎ ከላይ የጠቀስናቸውን የመልእክት በሮች የሚዘጉ ኢማቲኒብና ቤቫሲዙማብ ተሞከሩ፤ ኢማቲኒብ በ2001 ለደም ነቀርሳ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። በ2018 በወጣው ጽሑፍ ብዙ ደም መልሶቻቸው የጠበቡ 48 ሕፃናት ተካትተው ከ72 ሳምንት በኋላ 37ቱ፥ ማለት በመቶ 77ቱ፥ በሕይወት እንደ ነበሩ ተገለጸ። በ2021 ደግሞ በአትላንታ የተደረገ ጥናት፥ የተተከለ ኩላሊት እንዳይጣል በመከላከል የታወቀው ሲሮሊመስ የተሰጣቸው ሕፃናት ካልተሰጣቸው የተሻለ ዕድሜ እንዳገኙ ጻፈ።

ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው፤ ደስታችን ግን ሚዛናችንን እንዳያዛባው መጠንቀቅ አለብን። በ2018ቱ ጥናት ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። ሕፃናቱ መድኃኒቱን ብቻ አልወሰዱም፤ በየጊዜው በፊኛና በኦፕራሲዮን ደም መልሳቸው ይከፈት ነበር። ስለዚህ ያዳነው መድኃኒቱ ይሁን፥ ተደጋጋሚው ጥገና ይሁን፥ ወይስ የቅርብ ክትትሉ ይሁን ለይቶ መናገር አይቻልም። ከዚህም በቀር መድኃኒቱን ለመጀመር የበቃ ሕፃን እስከዚያች ቀን በሕይወት የቆየ ሕፃን ነው፤ ከመጀመራቸው በፊት የሞቱት ደካሞች በቍጥሩ ውስጥ አይገቡም። የመድኃኒቱን ቡድን ካልወሰዱት ጋር የሚያነጻጽር ሁሉ ይህን ማሰብ አለበት። ሊሞት የቀረበን ሕፃን በዕጣ መድብ ብለን ሐኪሞችን አናስገድድም፤ ነገር ግን ሕመሙ ብርቅ በመሆኑ አንድ ሆስፒታል ብቻውን የሚያየው ጥቂት ስለ ሆነ፥ መዝገብን ማስተባበር ግዴታ ነው። በአሜሪካ ያሉ ሆስፒታሎች በቅርብ ዓመታት ይህን መጀመራቸው መልካም ነው።

መዝገብ ለማስተባበር ግን አስቀድሞ በአንድ መለኪያ መስማማት ያስፈልጋል፤ በዚህም ረገድ የተጻፈው የተዘበራረቀ ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ በድምፅ ሞገድ የልብ ምርመራ የተለካው አማካይ የግፊት ልዩነት 4 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ «ጠቧል» ይላል፤ ሌላው በሲቲ ስካን የታየውን ስፋት ይለካል፤ ሌላው ካቴተር አስገብቶ የለካውን ብቻ ይቀበላል። በግፊት ልዩነት መለካት ራሱ ወጥመድ አለው። ደም መልሱ ሊዘጋ ሲቃረብ ደሙ ያንን የሳንባ ክፍል ትቶ ወደ ተከፈተው ይሄዳል፤ በጠባቡ ውስጥ የሚያልፈው ደም ስለሚያንስም የሚለካው የግፊት ልዩነት ይቀንሳል። እንግዲህ ቍጥሩ ሲሻሻል ሕፃኑ እየባሰበት ሊሆን ይችላል። መለኪያውን ያለ ማስተዋል የሚያነብ ሰው የተዘጋውን ደም መልስ ድኗል ሊል ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ቢላዋና ፊኛ ይቅር ነው የምትሉት?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። አይደለም። ከላይ ያየነው የቶሮንቶ ጥናት ራሱ የሚያስተምረው ግፊቱ ግድግዳውን እንደሚያሳድግ ነው፤ ስለዚህ መጥበቡን በጊዜ መክፈት የሕክምናው ግማሽ ነው። የሕፃኑ ሳንባ ሞልቶ እያለ መድኃኒቱ እስኪሠራ መጠበቅም አይቻልም። የምንቃወመው ግማሹን ሙሉ ነው ብሎ መያዝን ነው። ከተከፈተ በኋላ እንዳይዘጋ የሚጠብቅ ነገር ከሌለ መክፈት ለመዘጋት ቀጠሮ መስጠት ነው።

ይህ ነገር እኛን በምን ይመለከተናል? የሕመሙ ጥናት የተደረገው በሩቅ አገር ነው፤ ምልክቱ ግን በያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሊቆም ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው፥ በአገራችንም በሚሠራበት መመሪያ መሠረት፥ የሚያስል ሕፃን ትንፋሹ ይቈጠራል፤ ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች አለበት ተብሎ መድኃኒት ይሰጠዋል። መመሪያው የብዙ ሕፃናትን ነፍስ አድኗል፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ትንፋሽ መቍጠር የትንፋሹን ምክንያት አይናገርም። ትኩሳት ሳይኖረው የሚያለከልክ፥ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ለሳንባ ምች የታከመ፥ ክብደቱ ያልጨመረ ሕፃን ሲመጣ አራተኛውን መድኃኒት ከመስጠት በፊት «ልቡስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ብዙ ጊዜ ሌላ የልብ ሕመም ይሆናል፤ አልፎ አልፎም የሳንባ ደም መልስ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ጥያቄው ምንም አያስከፍልም።

ሁለተኛው የሚመለከተን ነገር የሚከተለው ነው። በልብ ምርመራ የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት ከፍ ብሎ የተገኘበት ሕፃን ደም ቅዳውን የሚያላላ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። ችግሩ ያለው በደም መልሱ በኩል ከሆነ ግን ደም ቅዳውን ማላላት መውጫው በጠበበ ሳንባ ውስጥ ተጨማሪ ደም ማፍሰስ ነው፤ ሳንባውም በውኃ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ መርማሪው አራቱንም ደም መልሶች አንድ በአንድ ፈልጎ እስኪያይ ድረስ ምርመራው አለቀ ሊባል አይገባም። በመማሪያ መጻሕፍት ደም መልስ ከደም ቅዳ በኋላ በጥቂት መስመር የሚጠቀስ መሆኑ ለዚህ መዘንጋት ሳያግዝ አልቀረም። መምህራኖቻችን በአካል ጥናት ትምህርት ለነዚህ አራት የደም ሥሮች አንድ ሙሉ ሰዓት እንዲሰጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በጠቅላላው ስንመዝነው፥ የሰባው ዓመት ሥራ በእጅ ጥበብ ረገድ ከፍ ያለ፥ በመለካት ረገድ የተዘበራረቀ፥ በመጠየቅ ረገድ ደግሞ ለረዥም ጊዜ የዘገየ ነው። የ1982ቱ ጽሑፍ በርእሱ ላይ ያወጀው ውድቀት ወዲያውኑ «ለምን?» ተብሎ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ወደ ሕዋሱ የተደረገው ጉዞ ምናልባት ቀደም ብሎ በተጀመረ ነበር። በዚህ መካከል ያለፉት ዓመታት በቍጥር ሲነገሩ ቀላል ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ ዓመት ግን ደም መልሱ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የተከፈተለትና የተዘጋበት ሕፃን ዕድሜ ነው። ወደፊት በዚህ ወይም በሌላ ሕመም ላይ የሚመራመሩ የትምህርት ጓደኞቻችን አንድ ሕክምና ሲከሽፍ ካዩ የበረታ መሣሪያ ከመፈለጋቸው በፊት ሕመሙን ያዩበትን ምስል እንዲመረምሩ እናሳስባለን።